ቤት የቀረችው ክኒን

ግሌኒስ ሠላሳ ዓመት በአውስትራሊያዋ ካንቤራ የትምህርት ቤት ወለል ስትጠርግ ኖራ፣ ጡረታ በወጣች በዓመቱ ብቸኛ ልጇን ዴክላንን ቀበረች።

ዴክላን ግዴለሽ አልነበረም። ሰው የገዛው አደንዛዥ ዕፅ ምን እንደሆነ ከመውሰዱ በፊት የሚያስመረምርበት ቤት ከተማው ውስጥ አለ። ለሙዚቃ ድግስ ከገዛቸው ሁለት ክኒኖች አንዷን እዚያ አስመርምሮ እንደተባለችው ሆና አገኛት። ቤት ያስቀራት ግን በቀለም የእሷ መንትያ ብትመስልም ሌላ መርዝ ነበረች። የገደለችው እሷ ናት።

አሁን ግሌኒስ መመርመሪያው በሚከፈትባቸው ቀናት፣ ሐሙስና ዓርብ፣ ያለ ደመወዝ በሩ ላይ ተቀምጣ የሚወጣውን ሁሉ አንድ ነገር ትጠይቃለች።

አንድ ዓርብ ታሪን የምትባል ተማሪ ክኒኗን አስመርምራ ስትወጣ፣ ግሌኒስ "ቤት የቀረ አለ?" አለቻት።

"አንድ አለች። ግን ያው ናት፤ ከአንድ ከረጢት የወጡ ናቸው።"

"እሷንም አምጫት፣ የኔ ልጅ።"

"ሁለት አውቶቡስ እኮ ነው የምይዘው፤ ያውም በዚህ ብርድ። አንቺስ ከጉምሩክ ባስሽ።"

"እስክንዘጋ ሁለት ሰዓት ይቀረናል። እጠብቅሻለሁ።"

ልጅቱ እያጉረመረመች ሄደች። ግሌኒስ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል በልቧ ጸለየች። ሰዓቱ ገፋ። መርማሪው ቪክራም መሣሪያውን መሸፈን ጀመረ።

"ግሌኒስ፣ ሁሉም አይመለስም እኮ።"

"ትንሽ ቆይልኝ።"

ታሪን ጉንጯ በብርድ ቀልቶ ገባች። ቪክራም ከክኒኗ ጫፍ የመርፌ ራስ የምታህል ፍርፋሪ ፍቆ መረመረ።

"ከመጀመሪያዋ ጋር አንድ ናት" አለ። "አንድ ናት ማለት ግን አትጎዳም ማለት አይደለም። ሁለቱም ኃይለኛ ናቸው።"

"ይኸው፣ አላልኩሽም?" አለች ታሪን ወደ ግሌኒስ ዞራ። "በከንቱ አመላለስሽኝ።"

"በከንቱ ይሁንልሽ" አለች ግሌኒስ። "የኔ ልጅ እንዲህ የሚያመላልሰው አላገኘም።"

ታሪን ክኒኖቹን መዳፏ ላይ እያገላበጠች ቆየችና አንዷን መጣያው ውስጥ ጣለች። ሌላዋን ኪሷ ከተተች።

"ብቻዬን ሆኜ አልወስድም" አለች ቀስ ብላ። "ጓደኛዬ አጠገቤ ትሆናለች።"

"እሷንም ጣያት" የሚል ልመና ግሌኒስ አፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው፤ የለመኗቸው ልጆች ዳግም እንደማይመጡ ታውቃለች። ተነሥታ በሩን ከፈተችላት።

"ሐሙስ እዚሁ ነኝ" አለቻት። "ብቅ በይና ፊትሽን አሳዪኝ።"