ምንጣፍ ላይ የዋለው መንጋ

ልጅ እያለሁ አሜሪካ፣ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለችው የዩለስ ከተማ ውስጥ ጎረቤቶቻችን ሞንጎላውያን ነበሩ። በራቸው ሲከፈት ጨው የገባበት የወተት ሻይ ይሸታል። አውሮፕላኑ ጣራችንን ታክኮ ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ እኔና እኩያዬ ኖሚን ቀና ሳንል ምንጣፉ ላይ የበግ ቁርጭምጭሚት አጥንት እንወረውራለን። አጥንቱ እንዳወዳደቁ ፈረስ፣ ግመል፣ በግ ወይም ፍየል ይሆናል። የእናቷ ሕግ አንድ ነበር፦ የወደቀውን በሞንጎልኛ ያልጠራ አይወስደውም።

ለእኔ ጨዋታ ነበር፤ ለእናቷ ግን ጭንቀት። ኖሚን በሞንጎልኛ መመለስ ትታ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከአገራቸው ገጠር የሚደውሉት አያቷ ደግሞ ሌላ ቋንቋ አያውቁም። ስልኩን ሲሰጧት መልሳ ለእናቷ ታቀብላለች። በመጨረሻ አያቷ "ልጅቷን አታስጨንቋት" ብለው አገናኙኝ ማለቱን ተዉት።

የትኛው እንደነበር አላስታውስም እንጂ አንድ ቅዳሜ አጥንቶቿን ጠራርጌ ወሰድኩባት።

"አንቺ ሐበሻ! በራሴ ቋንቋ ልትበልጪኝ?" አለች ፊቷ ቀልቶ።

"ተናገሪያ! ማን ከለከለሽ?"

ስልኩ ጮኸ፤ እናቷ አንስተው ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ ከፈቱት። የሞንጎላውያን እረኞች ሰላምታ "ከብቱ ደህና ነው ወይ?" ብሎ ይጀምራል፤ አያቷም እናቷን እንደዚያው ጠየቁ። ኖሚን ስልኩን ነጠቀችና የቀሯትን አጥንቶች እያየች መለሰች፦ ሁለት በግ፣ አንድ ፍየል፣ ግመል የለም።

የተባባሉትን በኋላ የተረጎሙልኝ እናቷ ናቸው። ደንግጠው "እማዬ፣ የመጫወቻ አጥንት እኮ ነው" ሲሉ አያቷ ተቆጡ፦ "አሜሪካ ሰፈር ውስጥ ግመል እንደማይረባ ጠፍቶኝ ነው? ልጄን አታቋርጫት!" ቀጥለውም "ፈረስስ?" አሏት። ኖሚን ከእጄ አንዱን ፈረስ ወሰደችና "አንድ" አለች። አላስመለስኳትም።

ዛሬ ኖሚን የምትኖረው ሪቻርድሰን የምትባል ከተማ ነው። ልጇ በታብሌት ሞንጎልኛ ትማራለች፤ ከአያቷ፣ ከኖሚን እናት ጋርም በሞንጎልኛ ትጨቃጨቃለች። እኔ ጋዜጠኛ ሆኜ ሰው ስጠይቅ እውላለሁ። እሑድ እሑድ ግን እናቴ አማርኛዋን፣ ልጄ እንግሊዝኛውን ይዘው አንድ ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ፤ ይተያያሉ፤ ፈገግ ይባባላሉ። መሀላቸው ሆኜ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ሰሞኑን መተርጎሙን ተውኩት። እጠብቃለሁ፣ ማን ቀድሞ በሌላው ቋንቋ መናገር እንደሚጀምር።