ከወርቃ በላይ ያለው ምንጭ

ከዲላ የተነሳነው ጠዋት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ነው። ወርቃ አካባቢ ካለ መንደር ተደውሎ፣ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ሰዎች በተቅማጥ መታመማቸውን ሰምተናል። ሥራዬ የውሃ ጥራት ምርመራ ስለሆነ ምንጩ ይዘጋ አይዘጋ የምለው እኔ ነኝ። አብሮኝ ያለው ሹፌሩ ታሪኩ ብቻ ነው።

ይርጋጨፌ ላይ ሻይ ጠጥተን፣ ለመንገድ ሙዝ ገዝተን ቀጠልን። ከጌዴብ በኋላ ጭቃው ጎማ ይውጥ ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ዳገቱ ከነእንሰቱ ተንዶ የመንገዱን ግማሽ ይዞት ወርዷል።

«በቀረችው አልፋለሁ፤ አንተ ግን ውረድ» አለኝ ታሪኩ።

በእግሬ ተሻገርኩ። የኋላው ጎማ ጠርዙ ላይ ሲንሸራተት ማየት አልቻልኩም፤ ፊቴን አዞርኩ። እንደምንም አለፈ።

ቃሬዛው

ብዙም ሳንርቅ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ሲወርዱ አገኘናቸው። የተኛችው አስቴር የምትባል ወጣት ናት። ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ከፊት የተሸከመው ባሏ ጅግሶ ነው።

«ውሃ የምትቀዱት ከየት ነው?» አልኩት።

«ከምንጩ። ግንብ ተሠርቶለታል፣ ንጹሕ ነው ተብለናል።»

ታሪኩን «ጤና ጣቢያ አድርሳቸው። የተናደው ጋ ስትደርሱ አውርዷትና በቃሬዛ አሻግሯት» አልኩት። እኔ ሽቅብ በእግሬ ቀጠልኩ። የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ጆሮዬ ወደ ኋላ ነበር።

ምንጩ ጋ

የምንጩን ቁልፍ የሚይዙት ወይዘሮ ዘነበች ተቀበሉኝ። ግንቡ አንድም ስንጥቅ የለውም። ዳገቱን ስንወጣ ግን ነገሩ ታየን፦ ጎርፍ ገብቶበት የሞላ ሽንት ቤት ገንፍሎ፣ ቆሻሻው እስከ ምንጩ ራስ ወርዷል።

«የማን ነው?»

«የጅግሶ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ወርደን ይዘጋ ስል፣ ውሃ ሊቀዱ ጀሪካን ይዘው የመጡ ሴቶች ተንጫጩ። ወይዘሮ ዘነበች ወደ እኔ ዞረው፣ «ከዘጋነው ወንዝ ሊወርዱ ነው። ወንዙ ደግሞ ከዚህ ይብሳል» አሉኝ።

ትንሽ ተመካከርን። በመጨረሻ ከቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ እንዲያጠራቅሙ ተስማማን። የያዝኩትን ክሎሪን ሰጥቼ አጠቃቀሙን አሳየኋቸው። ወይዘሮ ዘነበችም ምንጩን ቆለፉ።

መልስ

ታሪኩ ተመልሶ ወሰደኝ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ አስቴር ግሉኮስ ተሰክቶላት ዓይኗን ገልጣለች። ለጅግሶ ያየሁትን ነገርኩት።

«ቆፍሩ ተባልን፣ ቆፈርኩ። ጥልቅ ነው እኮ።»

«ጥልቅ ነው። እንዲህ ያለ ዝናብ ግን አልታሰበም። ከምንጩ በታች ወርዶ፣ አፉ ከፍ ብሎ መሠራት አለበት።»

«ከምንጩ በታች ያለኝ ቡና ነው።»

አስቴር በጌዴኦኛ አንድ ነገር አለችው። ጎንበስ ብሎ አዳመጣትና ወደ እኔ ዞረ። «ቡናውን ንቀል ትላለች። ጎረቤቶቻችንም ከምንጩ በላይ ነው የቆፈሩት፤ እነሱስ? ትላለች።»

«እነሱም መውረድ አለባቸው» አልኩ።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለ።

ዲላ ስንገባ ባጃጆቹ መብራት አብርተው ነበር። ከዚያ ጉዞ ወዲህ ምንጭ ልመረምር ስሄድ ግንቡን ከማየቴ በፊት በላዩ ያለውን ዳገት እወጣለሁ። ያን ምሽት ግን ዝናቡ እንደገና ሲጀምር በረንዳዬ ላይ ቆሜ፣ ጀሪካኖቹ እንዲሞሉ ይቀጥል እል፣ ዳገቱ እንዳይናድ ደግሞ መልሼ ያቁም እል ነበር።