የአመለካከት ችግር ያለበት ሳንባ

ቦንጋ ላይ ሰው ምንም ይመመው፣ ምክንያቱ ብርድ ነው። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አብጠው አልታጠፍ ሲሉ፣ የሹራቤን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ጎረቤቴ «ብርድ ነው፣ ካልሲ አድርጊ» አለችኝ። ለጣት ካልሲ! የጤና ጣቢያው ሰውዬ «ቁርጥማት ነው» ብሎ ማስታገሻ ሰጠኝ፤ እሱም ሲሸኘኝ «ከብርድ ይጠንቀቁ» አለኝ።

ኋላ ደረቅ ሳል ጀመረኝ። አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው። የቢሮ ባልደረቦቼ የሻይ ብርጭቆዬን ለብቻው አስቀመጡልኝ። ተመርምሬ ቲቢ እንደሌለብኝ ብነግራቸውም ብርጭቆዬ ወደ ጓደኞቹ አልተመለሰም።

የባሰው ዳገት ነበር። በደካ በኩል ለመስክ ሥራ ስንወጣ መሀል መንገድ ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል። ጅማ ሄጄ ልታከም ፈቃድ ብጠይቅ፣ አለቃችን «ግምገማው ይለፍ» አለኝ። ያኔ ከግምገማ በፊት መታመም ክልክል ነበር መሰለኝ። ግምገማው ላይ ተነሥቶ፣ «እትዬ ዳገት ሲሆን ሆን ብለው ወደ ኋላ ይቀራሉ። የአመለካከት ችግር አለባቸው» አለ። ጉድ በል ያገሬ ሰው! ግለ ሂስ ያድርጉ ተባልኩ።

«ሳንባዬ የአመለካከት ችግር እንዳለበት አምኛለሁ፤ አስተካክለዋለሁ» አልኩ። አንድም ሰው አልሳቀም። ቃለ ጉባኤ ያዡ ቃል በቃል ጻፈው። ፈቃዴን ደግሞ ለውጥ እስካሳይ ድረስ አቆዩት።

በስንት ልመና ጅማ ስደርስ፣ ሐኪሙ ጀርባዬን አዳምጦ ወዲያው እጄን ያዘ። «እነዚህ ጣቶች ያበጡት መቼ ነው?» አለኝ። ስለ ሳል መጥቼ ስለ ጣት ይጠይቀኛል ብዬ ተናደድኩ።

«በሽታው አንድ ነው እትዬ። መገጣጠሚያ ብቻ አይበቃውም፣ ሳንባም ይገባል» አለኝ። ሳንባዬ ላይ ጠባሳ የሆነው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን በመድኃኒት መጠበቅ እንደሚቻል ነገረኝ። «ምነው ቀደም ብለው በመጡ ኖሮ» አለኝ። አለቀስኩ። ንዴት ነው ያስለቀሰኝ።

ተመልሼ ለአለቃችን ብነግረው፣ «ኧረ እትዬ፣ ብርድ ነው!» አለኝና ወደ መዝገብ ቤት አዛወረኝ። በቀጣዩ ግምገማ ደግሞ ራሱ ተነሥቶ መሰከረልኝ።

«እትዬ ትልቅ ለውጥ አሳይተዋል። ዘንድሮ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አልቀሩም።»

ተጨበጨበልኝ። እውነቱን ነው፣ መዝገብ ቤት ከገባሁ ወዲህ ዳገት ወጥቼ አላውቅማ። እናቴ የተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ጉብታ ላይ ነው፤ እሱንም ከግርጌው ሆኜ ተሳልሜ እመለሳለሁ።