መድኃኒቱን የተላመደው ማን ነው?

ታላቅ እህቴን ሃርጌሳ፣ ዋሄን በሚባለው ገበያ ውስጥ ወደ ኋላ የሚመለስ መኪና ገጭቷት እግሯ ተሰበረ። ሆስፒታል ገብታ በኦፕራሲዮን ብረት ተደረገላት። ከድሬዳዋ መጥተን ሼክ ኑር ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖረው እኔና እሷ ብቻ ስለሆንን፣ የልብስ ንግዳችንን ዘግቼ አስታማሚዋ ሆንኩ።

መጀመሪያ ደህና ነበረች። ቤት ለመመለስ ስንሰናዳ ግን ትኩሳት ያዛት። ፋሻው ሲፈታ ስፌቱ ዙሪያውን ቀልቶ መግል ቋጥሯል። በደም ሥሯ መድኃኒት ጀመሩላት፤ ትኩሳቱ አልበረደም። በሌላ ለወጡት፤ ያው ነው። በመጨረሻ ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ ላቦራቶሪ ሄደ።

ውጤቱን ይዞ የመጣው ወጣት ዶክተር የሃርጌሳ ልጅ ነው፤ የተማረው ኢትዮጵያ ስለነበር በአማርኛ ነገረን።

«መድኃኒቱን ተላምዷል።»

እህቴ ክው አለች። «ወላሂ ዶክተር፣ እኔ ራሴን ሲያመኝ እንኳ ክኒን አልውጥም! የምን መላመድ ነው?»

«እርስዎ አይደሉም፤ ባክቴሪያው ነው።»

«እኔ ሳልወስድ እሱ ከየት ለመደው?»

«ከእርስዎ በፊት ሌሎች ሰዎች ላይ ነው የለመደው። የያዘዎት ምናልባት እዚሁ ይሆናል።»

«እዚሁ ሆስፒታል?» አልኩት። «በማን በኩል?»

«አናውቅም። በእጅ ሊሆን ይችላል፣ በዕቃም።»

እውነቱን ስለነገረን ላመስግነው ወይስ ልጩህበት፣ ግራ ገባኝ። ይዣት ልውጣ ብልስ ወዴት? በሽታው የያዛት እዚህ፣ የምትድነውም እዚሁ።

ለብቻዋ ክፍል አስገቧት። ነርሶቹ ጋውንና ጓንት ሳያደርጉ አይጠጓትም። «ምን ሆኜ ነው የሚጠየፉኝ?» እያለች ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እኔም እጇን ልይዝ እጀምርና እፈራለሁ። የምፈራው ለእሷ ይሁን ለራሴ አላውቅም። ቀድሞ በነበርንበት ክፍል የጎረቤታችንን በሽተኛ ትራስ ሳስተካክል፣ ውሃ ሳጠጣ ከርሜአለሁ። ያመጣሁባት እኔ ብሆንስ? አንዷን ነርስ ብጠይቃት፣ «ያዣት፤ ከመያዝሽ በፊትም በኋላም ታጠቢ» አለችኝ። እጄ እስኪሰነጣጠቅ ታጠብኩ።

የሚሠራ መድኃኒት እስኪገኝ ብዙ ተጉላላን። ቁስሉን ዳግም ከፍተው አጠቡት። ከዚያ በኋላ ትኩሳቱ ቀስ በቀስ ለቀቃት፣ ምግብም ጠየቀች።

ስንወጣ ዶክተሩን፣ «ሞተ?» አለችው።

«ከእርስዎ ላይ የጠፋ ይመስለናል።»

«ከዚህ ቤትስ?»

«እየታገልነው ነው» አለና ወደሚቀጥለው በሽተኛ ሄደ።

ባጃጅ ውስጥ እግሯን ጭኔ ላይ ዘርግታ፣ «እናመስግናቸው ወይስ እንቀየማቸው?» አለችኝ።

«አልሐምዱሊላህ በይ» አልኳት። ለጥያቄዋ መልስ እንዳልሆነ ሁለታችንም አውቀናል። ዛሬ በትንሹ ታነክሳለች፣ ገበያ ትውላለች። እኔ ግን እስካሁን እጇን ከመያዜ በፊት እታጠባለሁ።