ከላይ በኩል

ክረምት ነበር፤ የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ውሃ አልብሶታል። እኔና ታላቅ ወንድሜ ከይፋግ ገበያ ወደ ቤታችን እንመለሳለን። በክረምት እንደምናደርገው ግንባረ ነጩን በሬያችንን፣ ቦራውን፣ ወደ ወንዙ ነዳነውና ጅራቱን ይዘን ልንከተለው ተዘጋጀን። የሚዋኘው በሬው ነው፤ የእኛ ሥራ አለመልቀቅ ብቻ ነው።

እኔ ያኔ ጎንደር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ለእረፍት መጥቼ ርብን ሳይ ወደ ኋላ እላለሁ።

«ጎንደር ድረስ ልከንህ ዋና አላስተማሩህም?» አለኝ ወንድሜ።

«ክፍል ውስጥ ወንዝ የለም።»

«እንግዲያ እስክሪብቶህን ያዝና ተሻገር!»

እየሳቀ እንደ ሁልጊዜው ከላይ በኩል፣ ውሃው ከሚመጣበት ገባ። ጎርፉ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው፤ ለእኔ የሚደርሰኝ የተረፈው ነው። ከትከሻው ሥር ስሆን፣ ውሃው ደረቴ ደርሶ እንኳ፣ ቤት የገባሁ ይመስለኝ ነበር።

መሀል ስንደርስ «አንተ አትፈራም?» አልሁት።

«እፈራለሁ እንጂ። በሬው ግን አይፈራም።»

የቀለደ መሰለኝ። ማታ ልብሳችንን እሳት ዳር ሰቅለን የበቆሎ እሸት ተሻማን። ትልቁን እሱ ወሰደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን... በማግስቱ ንዳድ ያዘው። የፎገራ ሰው ንዳድን ያውቀዋል፤ መጥቶ ያንቀጠቅጣል፣ ይሄዳል። ይኼኛው አልሄደም። ርብ ያልደፈረው ወንድሜ ደረቅ መደብ ላይ ሞተ።

በቀብሩ ማግስት ጠዋት ከወንዙ ማዶ ጩኸት ሰማን። የእናቴ እህት ናቸው። ለለቅሶ መጥተው ውሃው ከልክሏቸዋል። እናቴ ከዚህ፣ እሳቸው ከዚያ ሆነው ይላቀሳሉ። በክረምት ሰው የሚያሻግረው ወንድሜ ነበር። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ።

ቦራውን ፈታሁትና ብቻዬን ገባሁ። ውሃው ይህን ያህል እንደሚገፋ ያን ጊዜ አወቅሁ።

ማዶ ደርሼ አክስቴን ከታች በኩል ጅራቱን አስያዝኋቸው። እኔ ከላይ በኩል ሆንሁ።

«ልጄ፣ አትፈራም?» አሉኝ ክንዴን ጨምድደው።

«እፈራለሁ፣ አክስቴ። በሬው ግን አይፈራም። ብቻ እንዳይለቁ።»

አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ያዙ። በሬውን ቸብ አደረግሁት።