ቤቱ እስኪሸጥ

ትኩስ የዘይት ቀለም ሽታ አሁንም አልችልም። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ በሩን ሰማያዊ ሲያስቀባ መስኮቴን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሰውየው ሳይቀየመኝ አልቀረም፤ እንዴት ብዬ ላስረዳው? ሰማያዊ ቀለም ለእኔ የመተማ ክረምት ነው። ቤታችን እስኪሸጥ የጠበቅንበት ክረምት።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ድንበሩን ወደ ሱዳኗ ገላባት ተሻግሮ በዚያው ቀረ፤ ከሱዳንም ቀይ ባሕርን አቋርጦ ጅዳ ገባ። ቃሉ በአንድ ሱዳናዊ ሾፌር አፍ ደረሰን፦ "ቤቱን ሸጣችሁ ኑ። ፖርት ሱዳን ድረሱልኝ እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አውቃለሁ።"

ከቤቱ ሌላ ለመንገድ የሚሆን ምንም አልነበረንም። ሁለት ክፍል፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ ከኋላ ማድቤት፣ ግቢው መሐል አንድ የኒም ዛፍ። ጥለነው ብንሄድ ቀበሌው ይወስደዋል፤ ብንሸጠው ደግሞ ያለ ቀበሌው ፈቃድ አይሸጥም። እናቴ የቆላው ወባ አልስማማ ስላላት ወደ ደጋ፣ ወደ ወገኖቿ ልትመለስ ነው ብላ አመለከተች። ከዚያ አንድ ቆርቆሮ ሰማያዊ ቀለም ገዝታ መጣችና በሩንና መስኮቶቹን መቀባት ጀመረች።

ታላቅ ወንድሜ ሳቀባት። "ጥለነው ለምንሄደው ቤት ምን አደከመሽ እማ?"

"ዝም በል። ሊኮበልል የተነሣ ሰው በር ሲቀባ አይተህ ታውቃለህ?"

ገዢ ለማግኘት አልተቸገርንም። በከተማው ሰሊጥ የሚነግዱ አንድ ሐጂ ነበሩ፤ ሊድሯት ላሰቧት ልጃቸው ቤት ይፈልጋሉ። ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ ቤት በላይ ስለማይፈቀድ በሙሽራይቱ ስም ሊገዙት ተስማሙ። ልጅቱ ቤቱን ለማየት ስትመጣ ደጃፉ ላይ ቆማ ለመግባት አፈረች። እናቴ እጇን ይዛ አስገባቻት፤ ጣራው የሚያፈስበትን ጥግ ሳይቀር አሳየቻት። እኔ ተናደድኩ። ገና ሳንወጣ የገባችብን መሰለኝ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። እናቴ ቀበሌ ስትሄድ ሊቀመንበሩ ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበረው፦ "ይታገሡ እናቴ፤ ጉዳይዎ አውራጃ ሄዷል፤ መንገዱ በጭቃ ተዘግቷል።" መንገዱ እውነትም ተዘግቶ ነበር። የመተማ ክረምት ዋልካው ጫማ ይነጥቃል፤ ዝናቡ ሲያባራ ሙቀቱ ከመሬት ይነሣል፤ ቆርቆሮው ይንጫጫል። አልጋ ሥር የተቋጠረው ልብሳችን ሻገተ። እናቴ አውጥታ አጠበችው፣ አሰጣችው፣ መልሳ ቋጠረችው። ለመንገድ ያዘጋጀችው በሶ ነቀዘ፤ አራግፋ አበላችንና ሌላ ገብስ ቆላች። እኔን ወባ ጣለኝ፤ ስድን እሷን ጣላት። ፈቃዱ አልመጣም።

ወንድሜ ባይኖር ያን ክረምት አንገፋውም ነበር። ረጅም ቀጭን ልጅ ነው፤ ከገላባት ነጋዴዎች ጋር ውሎ ዐረብኛ ይሞክር ነበር። ኒሟ ሥር ተቀምጦ ያስተምረኛል። እኔ ውኃ ፈሪ ነኝ፤ የሽንፋ ወንዝ ሲሞላ እንኳ ከሩቅ ነው የማየው። ባሕሩ እንደሚያስፈራኝ ስነግረው ሳቀ።

"መርከብ በዐረብኛ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? መርከብ! ባሕርም ያው በሕር ነው። ምን ያስፈራሻል፣ ግማሹን ታውቂው የለ!"

ነሐሴ ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት መመዝገብ ተጀመረ። ወዲያው ምዝገባው ቀርቶ አፈሳ ሆነ፤ ከገበያ፣ ከመንገድ፣ ከለቅሶ ቤት ሳይቀር ይይዙ ጀመር። ሐጂ እናቴን ጠርተው፣ "ልጁን ከከተማ ያርቁት። ሽንፋ ማዶ የማውቀው ገበሬ አለ፤ ከቀን ሠራተኞቹ ጋር ተቀላቅሎ ሰሊጥ ይረም፤ የቤቱ ጉዳይ ሲያልቅ እናስጠራዋለን" አሏት። ወንድሜ በማግስቱ ጠዋት ሄደ። ሲወጣ የተሰጣ ልብስ ፊቱን መታው፤ ገለጥ አድርጎ፣ "አደራ፣ ጥላችሁኝ እንዳትሄዱ" አለ። እንደ ቀልድ ነው ያለው።

መስከረም አለፈ። ሰሊጡ ታጨደ፤ ነዶው ቆመ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ከወሎ የመጣ የቀን ሠራተኛ እግሩ ቆሳስሎ በራችን ላይ ቆመ። እናቴ ውኃ ሰጠችው። ጠጥቶ ሲጨርስ ጣሳውን አልመለሰም፤ በሁለት እጁ እንደያዘው ቀረ።

"አብሽሪ እናቴ፣ ልጅሽ በሕይወት አለ። ሚሊሺያዎቹ አዝመራውን ከበቡት። እኔ ወደ ጫካው ወጣሁ፤ እሱን ከነማጭዱ መኪና ላይ ጫኑት። ቤታችን ሰማያዊ በር አለው፣ ንገርልኝ ብሎኛል።"

እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና ወጣች። ቀበሌ ሄደች፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፣ የጭነት መኪኖቹ የሚያልፉበት መንገድ ዳር ዋለች። መኪናው በገንዳ ውኃ ከተማ በኩል ወደ ጎንደር አልፏል አሏት። የሚገርመው፣ የቤቱ ፈቃድ የደረሰው በዚያው ሳምንት ነው። ሊቀመንበሩ ራሱ እቤታችን ድረስ አምጥቶ፣ "ይኸው እናቴ፣ ይታገሡ አላልኩም?" አላት።

ሐጂ የመጡት ሊዋዋሉ ሳይሆን ቃሏን ሊመልሱላት ነበር። "እንተወው። በዚህ ሐዘን ላይ ቤት አልገዛም።"

"የለም ሐጂ፤ ቃሌ ቃል ነው" አለች እናቴ። "ይቺ ልጄ ወደ አባቷ ትሂድ። ለእኔ ልጄን የምጠብቅባት ማድቤቷን ይተዉልኝ።"

"ማድቤት ምን ሲሉ? ልጁ እስኪመጣ ድረስ ቤቱ ሙሉውን የእርስዎ ነው፣ ወላሂ!"

የሄድኩት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን ነው። የሐጂ ሚስት ሱዳኖች የሚለብሱትን ቶብ ከራሴ እስከ እግሬ ጠቀለለችልኝ፤ እንደ ልጇ አስከትላኝ ድንበር የሆነውን ደረቅ ፈፋ ልታሻግረኝ ነው። እናቴ ልትሸኘኝ አልወጣችም። ዕቃዋን ማድቤት አግብታ፣ ለሙሽራይቱ ብላ የፊቱን ክፍል ወለል እየለቀለቀች ነበር፤ እጇ እስከ ክርኗ እበት ነው። እንዳታቆሽሸኝ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ በጉንጯ ብቻ ሳመችኝ።

"እማ፣ አብረን እንሂድ። ቤቱ እኮ ተሸጧል" አልኳት።

"ወንድምሽ ይህን መች ያውቃል?" አለችኝ።

ከፖርት ሱዳን በመርከብ ጅዳ ወደብ ስደርስ አባቴ ሦስት ሰው ሊቀበል መጥቶ ነበር። እኔን አቀፈኝና በትከሻዬ ላይ ወደ ኋላ ተመለከተ። ለቀቀኝና እንደገና ተመለከተ። ቋጠሮዬን አንሥቶ ፊት ፊቴ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ኋላ ነው የሰማሁት። ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ጦር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲጎርፍ እናቴ ከጠዋት እስከ ማታ መንገድ ላይ ቆማ የእያንዳንዱን ወታደር ፊት ታይ ነበር አሉ። ውኃ ትሰጣለች፣ ፊቱን ታያለች፣ ታሳልፋለች። በዓመቱ ወባ ወሰዳት።

እኔ መተማ የተመለስኩት ከዚያ ብዙ ቆይቼ ነው። በሩን የከፈተችልኝ ያቺ ደጃፍ ላይ ያፈረች ሙሽራ ነበረች፤ የልጆች እናት ሆናለች። ስታውቀኝ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ኒሟ ሥር ቁጭ አልን።

"እማማ እኔ እጅ ላይ ነው ያረፉት" አለችኝ። "አደራ ጥለውብኛል። 'ልጄ ከመጣ ቤቱ ተሸጧል እንዳትዪው። ቤትህ ነው በይና አስገቢው፤ መጀመሪያ ይብላ' ብለውኛል።"

ግቢው ውስጥ ልጆቿ እየተሯሯጡ ይጫወቱ ነበር።

"አሁንም ቢመጣ እንደዚያ ትዪዋለሽ?" አልኳት።

"እኔ ባልኖርስ ብዬ" አለች ወደ ልጆቿ እያየች፣ "ለእነሱም ነግሬያቸዋለሁ።"