ባለ አንድ ዓይኑ መልአክ

ሥዕል መማር እኔን ያስወጣኝ አንድ አጎት ነው። ቀለሙም ብሩሹም ከሜዳና ከጓዳ የተገኙ ስለነበሩ ከወጪ አይቆጠሩም፤ አጎቴ ግን ይቆጠራል።

ባለፈው ሐምሌ፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጨልሞ መብራት ሲጠፋ፣ ሱቄ ውስጥ ኩራዝ ለኩሼ የተገነጠለ ደብተር በሙጫ ሳጣብቅ፣ የጥላሸቱና የሙጫው ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሲያውደኝ ጊዜ እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ሻማ ልትገዛ የቆመች ደንበኛዬ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ብትለኝ፣ «የለም፣ አጎቴ መጣብኝ» አልኋት። ሻማዋን ይዛ፣ መልሷን እንኳ ሳትቆጥር ወጣች።

ቤታችን ደብረ ማርቆስ ዳር፣ ከተማው አልቆ ሜዳው ከሚጀምርበት ላይ ነበር። አባቴ እህል ነጋዴ ስለነበር ዛሬ ይጁቤ፣ ነገ አምበር እያለ ገበያ ለገበያ ይዞር ነበር፤ እናቴም ከጧት እስከ ማታ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ጨው ትቸረችር ነበር። እኔንና ታናሽ እኅቴን ትርንጎን የሚጠብቀን የእናቴ ወንድም አያ ይበልጣል ነበር። አያ ይበልጣል የቆሎ ተማሪ ሆኖ ቅኔ ሲቆጥር ኖሮ፣ አንድ እግሩ እያበጠ አላራምድ ስላለው ትምህርቱን አቋርጦ እኛ ቤት የገባ ሰው ነው። የቆሎ ተማሪ ደግሞ ደጅ ለደጅ ዞሮ ካልለመነ አይበላም፤ እግሩ የቆመ ቀን ትምህርቱም ይቆማል።

አባቴ ሰውን በሥራው እንጂ በዕውቀቱ የማይመዝን ነጋዴ ስለነበር፣ ማታ ከገበያ ሲመለስ ጫማውን እያወለቀ «ይበልጣል፣ ዛሬ ስንት ወፍ ሣላችሁ?» ይለው ነበር።

«ሦስት፣ ጋሼ።»

«ሦስቱ ስንት ኪሎ ወጣቸው?»

አያ ይበልጣልም አብሮት ይስቅ ነበር። እናቴ ግን አትስቅም ነበር፤ ወንድሟ ነዋ።

በጋ ሲገባ አያ ይበልጣል ከዘራውን ይዞ፣ እኔና ትርንጎ ፊት ፊት እየሮጥን፣ ወደ ጨሞጋ ወንዝ እንወርድ ነበር። እግሩ ስለማያስቸኩለው በየመቶ እርምጃው ይቀመጣል፤ እሱ ሲቀመጥ እኛም እንቀመጣለን፤ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ማየቱ አይቀርም። ከግራሩ ግንድ ላይ እንደ እንባ ወርዶ የደረቀውን ሙጫ የምንለቅመው፣ ከወንዙ ገደል ቢጫና ቀይ አፈር በቆርቆሮ የምንዝቀው፣ የበሰለ አጋም እየበላን ጣታችን ላይ የቀረውን ወይን ጠጅ ቀለም እያየን «ይህስ ለምን ይሆናል?» ብለን የምንጠይቀው እንዲህ ስንቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ለብሩሽ የሚሆን ጸጉር ከጎረቤት ላም ጭራ ልቆርጥ ሄጄ ላሟ ረግጣኝ እያነከስሁ ብመጣ፣ አያ ይበልጣል የኔንም የራሱንም እግር አይቶ «በል፣ አሁን እኩል እንሄዳለን» አለኝ።

ክረምት ሲሆን ወንዙ ስለሚሞላ ቤት እንውል ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አያ ይበልጣል የድስት ጥላሸት እየፋቀ፣ ሙጫውን በውኃ እያሟሟ፣ ሁለቱን በድንጋይ ላይ ሦስት ቀን ያስፈጨን ነበር። እኔ በመጀመሪያው ቀን «ጠቁሯል እኮ፣ አይበቃም?» እል ነበር። እሱም «ጠቁሯል፤ ግን ገና ጥላሸት ነው» ይለኝ ነበር። ሰማያዊውን እናቴ ነጭ ልብስ ስታጥብ ከምትጨምረው ዱቄት በማንኪያ ጫፍ እንወስዳለን፤ የሰንበት ነጠላዋ ቀስ በቀስ እየወየበ ሲሄድ የተገረመች እሷ ብቻ ነበረች። ለቡሄም ጅራፍ ያስገምደን ነበር፤ የኔ ጅራፍ ከሰፈሩ ሁሉ ረጅም፣ ከሰፈሩ ሁሉ የማይጮኽ ነበር።

አሥር ዓመት በሞላኝ ክረምት፣ ቡሄ እንዳለፈ፣ አባቴ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። ደምበጫ ዘመዱ ወፍጮ ቤት ከፍቶ፣ የሚፈጨውን እህል እየመዘነ የሚጽፍለት ሰው ይፈልግ ነበር። «መስቀል ሲያልፍ ይበልጣል ይሂድ። ሰው በሠላሳ ዓመቱ ከልጅ ጋር ጭቃ ሲያቦካ ሰው ምን ይላል?»

እናቴ ወዲያው አልተከራከረችም፤ ነጠላዋን አጣፍታ የደብራችን አለቃ ዘንድ ሄደች። አለቃ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ነበሩ። ለሰፈሩ ሕፃናት ፊደል የሚያስቆጥሩት መምህር አርጅተው ስለነበር፣ ከመቃብር ቤቱ አጠገብ አንዲት ጎጆና ከደብሩ ጥቂት ደመወዝ እየተሰጠው የሚተካቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። አያ ይበልጣል ያን ቦታ ቢያገኝ ከቤታችን የሚርቀው የአንድ አጥር መንገድ ነው። አለቃም እናቴን «ዕውቀቱን አልጠራጠርም። ልጅ መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። የእንቁጣጣሽ ዕለት ልጆችሽ ሥዕል ይዘው ይምጡ፤ መምህሩን በልጆቹ እጅ አያለሁ» አሏት።

እኛ ዘንድ ለእንቁጣጣሽ ሴቶቹ አበባ፣ ወንዶቹ ሥዕል ይዘው በየቤቱ መዞራቸው የታወቀ ነው። ሥዕሉ ስጦታ ነው እንጂ አይሸጥም፤ ባለቤቱ ሳንቲምም ዳቦም ምርቃትም ቢሰጥ ዝም ብሎ መቀበል ነው። እኔ ግን በአሥር ዓመቴ የገባኝ፣ ብዙ ቤት የዞረ ብዙ ይቀበላል የሚለው ብቻ ነበር።

አያ ይበልጣል ለአለቃ የሚሆነውን ሥዕል አጠገቤ ተቀምጦ አራት ቀን አሣለኝ። እጄን አልነካም፤ ቀለም አልጨመረልኝም፤ «ቀስ በል፣ ገና ነው» ከማለት በቀር ነገር አልተናገረም። ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን ይዞ፣ በሁለት ትላልቅ ዓይኖቹ ፊት ለፊት የሚያይ ሆኖ ወጣ። በሕይወቴ የሠራሁት ጥሩ ነገር እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ጷጉሜ ላይ እግሩ ክፉኛ አብጦ ተኛ። ትርንጎ ከሰፈር ሴቶች ልጆች ጋር እንግጫ ልትነቅል ሜዳ ወርዳ፣ ሣሩን ከነሥሩ ታቅፋ ጭቃ በጭቃ ሆና ተመለሰችና፣ ከአደይ አበባ ጋር እየጎነጎነች ለምሰሶውም ለራሷም አክሊል ስትሠራ፣ እኔ ጥግ ይዤ ሃያ መልአክ ለማውጣት ተነሣሁ። ዓይን ነበር የሚያስቸግረኝ። አንዱ ካማረ ሌላው ይንሻፈፍና ወረቀቱ ይበላሻል። በመጨረሻ መልአኩን ወደ ጎን አዞርሁት። ወደ ጎን የዞረ ሰው አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው፤ ቀለሙም ድካሙም ግማሽ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይም እንዲህ የተሣሉ እንዳሉ አስታወስሁ፤ እንደኔ የቸኮለ ሠዓሊ ነበር ማለት ነው ብዬ አመሰገንሁት። እስከ ማታ ሃያውም አለቁ።

የእንቁጣጣሽ ዕለት አያ ይበልጣል በማለዳ ወደ ቅዳሴ ሲሄድ «ስትጨርሱ አለቃ ደጅ እንገናኝ» ብሎን ሄደ። እኔና ትርንጎ ሰፈሩን እያዳረስን እትዬ ሙሉ ሻይ ቤት ደረስን። እትዬ ሙሉ ባለ አንድ ዓይኑን ተቀብላ አገላብጣ አየችውና፣ «ይህስ ምን ሰርቆ ነው ፊቱን ያዞረ?» ብላ እንግዶቿን አሳቀችብኝ። ቀጥላም ብብቴ ሥር ጠቅልዬ ወደያዝሁት ጠቁማ «ያንንስ እስቲ?» አለች። ባሳይ ምን አለበት ብዬ ዘረጋሁት። ሳቁ ቆመ። እትዬ ሙሉ ከመቀነቷ አሥር ብር ፈታች።

ትርንጎ «እሱ የአለቃ ነው!» ብላ ጮኸች።

«አለቃ የሚሰጡት ምርቃት ነው» አልኋት በጆሮዋ፤ «ምርቃት ደግሞ ሥዕል አይመርጥም።» ከረሜላ ስገዛላት ዝም አለች።

አለቃ ደጅ አያ ይበልጣል ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ በከዘራው ተደግፎ ይጠብቀን ነበር። ገብተን ጉልበት ስመን፣ እኔ ከቀሩኝ መካከል ይሻላል ያልሁትን ሰጠኋቸው። አለቃ መነጽራቸውን አስተካክለው ሥዕሉን ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ይህ ማነው?»

«ቅዱስ ሚካኤል ናቸው፣ አባቴ።»

«ሌላው ዓይናቸውስ?»

«በዚያ በኩል ነው።»

አለቃ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። «በዚህም በኩል የለም» አሉ። ቤት ውስጥ ከነበሩት ቀሳውስት አንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። አለቃ ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ዲያብሎስ ነው። ይሁዳ ነው። ጻድቅና መልአክ ሁለት ዓይኑን ይዞ ፊት ለፊት ነው የሚያይህ። ይህንን ማን አሳየህ?»

አያ ይበልጣል ሥዕሉን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አሥሩን ብር ጨብጬ ይዣለሁ። አራት ቀን የደከምንበት መልአክ ያ አለመሆኑን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃው ነበር።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ» አለ። «ታምሜ ተኝቼ ሳላስተውል ቀረሁ። ጥፋቱ የልጁ አይደለም።»

አለቃ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው ከጎናቸው አስቀመጡ። «እግዚአብሔር ይማርህ፣ ይበልጣል። ያልተነገረውን ልጅ ከየት ያመጣዋል? ለፊደሉ ሌላ ሰው እናያለን።» ከዚያ ዳቦ ቆርሰው ሰጡን፣ መረቁንም። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ እኔ አንዱንም አልሰማሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ አያ ይበልጣል ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን እያሻሸ «ስንት ሸጥኸው?» አለኝ።

«አሥር ብር።»

«አሥር!» አለ፤ ቅንድቡን አንሥቶ። «እኔ ስድስት ብጠይቅ ነው።» ከዘራውን እየሳበም «ለእናትህ አትንገራት፤ ዓመት በዓል ነው» አለኝና ተነሣ።

በማግሥቱ አሥሩን ብር ይዤ እትዬ ሙሉ ዘንድ ሮጥሁ። ሥዕሉን መልሼ ለአለቃ ላሳይ ነበር። እትዬ ሙሉ በዱቄት ሙጫ ከባንኮኒው በላይ ለጥፋው አገኘሁት፤ በጥፍሬ ጥጉን ስሞክረው የመልአኩ ክንፍ ጫፍ ተላጠ። «ተው፣ የኔ ጌታ» አለችኝ፤ «ግድግዳውን ነቅለህ መሸከም ከቻልህ ከነግድግዳው ውሰደው።» ብቻዬን ወደ አለቃ ቤት ሄጄ በሩ ላይ ቆምሁ። አላንኳኳሁም። ምን እንደምል በልቤ ሳሰናዳ አንድ ቄስ ሲወጡ አየሁና ሸሸሁ። ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ አልሁ፤ ከነገ ወዲያም እንደዚያው አልሁ።

መስቀል አለፈ። ሜዳው ገና ቢጫ ሳለ፣ አንድ ቀን ጧት አያ ይበልጣል ትንሽ ሳጥኑን በአባቴ የእህል መኪና ላይ ጭኖ ወደ ደምበጫ ሄደ። ትርንጎ መኪናውን ተከትላ እስከ አስፋልቱ ሮጠች። እናቴ አለቃን አልቀየመችም፣ አባቴንም አልቀየመችም፤ «ዕድሉ ነው» አለች። እኔ ዕድሉን በስሙ አውቀው ነበር፤ አልነገርኋትም።

አሁን ደብረ ማርቆስ መሐል የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ አለኝ። በየዓመቱ በጷጉሜ የታተሙ የእንቁጣጣሽ ሥዕሎች በጥቅል አስመጣለሁ፤ መልአኮቹ ሁሉም ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው፣ ቀለማቸው አይለቅም፣ ሁሉም አንድ ፊት ናቸው። ልጆቹ አምስት አምስት ገዝተው ይሄዳሉ፤ እኔም እሸጣለሁ፤ ሥራዬ ነው። እሑድ እሑድ ሁለቱን ልጆቼን ወደ ጨሞጋ አወርዳቸዋለሁ። ሜዳው ግማሹ ቤት፣ ግማሹ ባሕር ዛፍ ሆኗል። የኔ እግር ጤነኛ ስለሆነ የትም ሳንቀመጥ ደርሰን እንመለሳለን፤ ልጆቼም ምን አያችሁ ብላቸው «መንገድ» ይላሉ።

ከጥቂት ዓመት በፊት ለአያ ይበልጣል ስልክ ደውዬ ቢጫውን አፈር ከየት እንዝቅ እንደነበር ጠየቅሁት፤ ከየትኛው መታጠፊያ በታች እንደሆነ እንኳ ነገረኝ። አፌን ከከፈትሁ አይቀር ብዬ «አያ፣ ያን ቀን ለምን እውነቱን አልተናገርህም?» አልሁት። የወፍጮው ድምፅ ከበስተኋላው ይሰማ ነበር።

«አንተ አሥር ዓመትህ ነበር፤ እኔ ሠላሳ» አለኝ። «ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው ሌላ ሥራ አያጣም ብዬ ነዋ።»

አላጣም፤ እስከ ዛሬ ያንኑ የወፍጮ ቤት መዝገብ ይጽፋል።

አያ ይበልጣል እኛ ቤት አራት ክረምት ኖረ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሦስት ጊዜ ነው፤ አንዱ ለትርንጎ ሠርግ፣ ሁለቱ ለለቅሶ።